እናቶቹን ላስቀምጥና

«እናቶቹን ቶሎ ላስቀምጥና ፓርቲው ይጀመራል።»

ዲጄው ስለሺ ይህን ያለው አጠገቡ ቆሞ ለነበረ ጓደኛው ነው። የሰማው ግን አዳራሹ በሙሉ ነው፤ ማይኩን አላጠፋውም ነበር። ነገሩ የሆነው ባለፈው እሁድ አትላንታ አጠገብ ኖርክሮስ ውስጥ፣ ድሮ ሶፋ ይሸጥበት በነበረ ሰፊ አዳራሽ፣ የአንዲት ልጅ የሃይስኩል ምርቃት ላይ ነው። የወሎው ዘፈን ገና መግባቱ ነበር። እታገኝ ትከሻዋን ወደ ላይ ሰብቃለች፤ እንደተሰበቀ ቀረ። ፊት ለፊቷ ጓደኛዋ ዘሃራ ሁለት እጇን ወገቧ ላይ ጭና አንገቷን ልትሰብር ስትል ከአራቱም ስፒከር ያ ቃል ወረደባት። አንገቷን መለሰች፣ ሻሿን አስተካከለች። ወዲያው ዘፈኑ መሃሉ ላይ ተቆረጠ፤ ደረት የሚደበድብ ሌላ ነገር ገባ፤ ልጆቹ እየጮሁ መሃሉን ሞሉት፤ እናቶቹም አንድ በአንድ ወንበር እየፈለጉ ተቀመጡ። እንደተባለው፣ ቶሎ። ምግቡን የሠሩት እነሱ፣ ወንበሩን የደረደሩት እነሱ፣ ልጅቷን በየተራ ትምህርት ቤት ያመላለሱት እነሱ። አንዷ ብቻ፣ «ዳቦው አይቆረስም እንዴ?» አለች። ዳቦው ከተቆረሰ ቆይቷል።

ስለሺ ራሱ ምንም አልሰማም። ጆሮው ላይ ያንን የድስት ክዳን የሚያክል ማዳመጫ ደፍቶ ስለነበር እናቶቹ እንዴት እንደተቀመጡ እንጂ ለምን እንደተቀመጡ አላወቀም። እታገኝ ደግሞ ታላቅ እህቱ ናት። እናቱ ነኝ ብትልም የሚከራከራት የለም፤ አዲስ አበባ እያሉ ጡጦ ይዛ ያሳደገችው እሷ፣ ዲቪ ደርሶት ሲመጣ አትላንታ ኤርፖርት ጃኬት ይዛ የጠበቀችው እሷ። ክላርክስተን ውስጥ ባለ ሁለት መኝታ አፓርትመንት ተከራይተው አብረው ይኖራሉ። እሱ በሥራ ቀን መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ይነዳል፣ ቅዳሜና እሁድ ዲጄ ነው። እሷ ሳንዲ ስፕሪንግስ አንድ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው የምትሠራው፤ ቀኑን ሙሉ አንሶላ ነው። ከእሁድ ጀምሮ አኩርፋዋለች። የእታገኝ ኩርፊያ ደግሞ ድምፅ የለውም። ምግቡን በሳህን ከድና ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጥለትና መኝታ ቤቷ ገብታ በሯን ትዘጋለች። እሱ፣ ሥራ ከብዷት ነው ብሎ፣ ሳህኑን እያጠበ በጣቱ ጫፍ እየተራመደ ከረመ።

ሐሙስ ዕለት ዘሃራ ደወለች። ዘሃራ የደሴ ልጅ ናት፤ ክላርክስተን ውስጥ ከበርበሬ እስከ ስልክ ካርድ የሚሸጥባት ጠባብ ሱቅ አለቻት። ከእታገኝ ጋር የተዋወቁት አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ዝናብ መትቷቸው ነው፤ ይኸው እስከ ዛሬ አልተለያዩም። ቅዳሜ ልጇን ዓሊያን ልትድር ነው። ዲጄው ስለሺ ነው፤ ገና በክረምቱ ተነጋግረው ጨርሰዋል። ስለ በጉ አወራች፣ ስለ ጠረጴዛ ልብሱ አወራች፣ ከሚኒሶታ ስለሚመጡት የሙሽራው አክስቶች አወራች፤ መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ፣

«እኔ እንግዲህ አልነሳም» አለች።

«ከየት ነው የማትነሺው?»

«ለጭፈራው ነዋ። ልጆቹ ይጫወቱ። እናት ቁጭ ብላም ታያለች።»

እታገኝ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች የፍሪጁን በር እያየች ቆመች። ዘሃራ ማለት ሱቋ ውስጥ ሰው ካርቶን ቢመታ እንኳ ከበሮ መስሏት ትከሻዋ የሚነሳ ሴት ናት። ዓሊያ ገና ሕፃን እያለች ጀምሮ፣ «የዚችን ሠርግ ጉልበቴ ሳይከዳኝ አድርሰኝ» ስትል ሰው ሁሉ ሰምቷል። ጉልበቷ አልከዳትም። «በወንድሜ ቃል ነው አይደል?» የሚለው አፏ ድረስ መጣ። ግን ያንን ካለች፣ እሁድ ዕለት ሁላቸውም ያልሰሙ የመሰሉት ነገር የተሰማ ሊሆን ነው። «ድፎ ዳቦውን እኔ አመጣለሁ» ብላ ዘጋች።

ቅዳሜ ጠዋት ስለሺ የሙዚቃ ማጫወቻውን እንደታመመ ሕፃን በሁለት እጁ ታቅፎ ሳሎን ወጣ። ሰውየው ረጅም ነው፣ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ የዚያን ዕለት ግን የአሥር ዓመት ልጅ ነው የሚመስለው።

«እቴቴ፣ ሞተብኝ። የግራው ጎን ድምፅ አልሰጥም አለ። ሌሊቱን ሙሉ ፈትቼ ገጠምኩት።»

እታገኝ ዳቦውን በፎጣ እየጠቀለለች ነበር።

«ዛሬ የግድ አዲስ መግዛት አለብኝ። መኪናዬ ደግሞ መካኒክ ጋ ናት። ክሬዲቴን እንደሆነ ታውቂዋለሽ፤ በኔ ስም ማንም ዕቃ በዱቤ አይሰጥም።»

«አውቀዋለሁ» አለች። በሳምንቱ ውስጥ የተነፈሰችለት የመጀመሪያ ቃል ይኸው ነው።

ቁልፏን አነሳች። ልቧ ውስጥ ግን ቃል ገብታለች፤ ያንን ነገር ሳልነግረው ወረቀት ላይ ፊርማዬን አላኖርም ብላለች። እታገኝ አንዴ ካለች አለች ነው፤ ሆስፒታሉ ውስጥ አለቃዋ ሳይቀር ያውቃታል። ችግሩ መቼ እንደምትነግረው ነው። ከአፓርትመንቱ ግቢ ስትወጣ ትራፊክ መብራቱ ጋ ልነግረው አለች፤ አረንጓዴ ሆነ። ነዳጅ ማደያው ጋ አለች፤ እሱ ወርዶ መስታወቱን ጠረገላት። ሃይዌይ ላይ ደግሞ የጭነት መኪና በሁለት በኩል ይዟት እንኳን ልትነግረው መተንፈስም አልቻለችም። እሱ መንገዱን ሁሉ ስለ ዕቃው ነው የሚያወራው። ዛሬ ዛሬ ሸክላም ሲዲም የለም፤ ዘፈኑ ያለው ላፕቶፑ ውስጥ ነው፣ ማጫወቻው ከሱ ጋር በገመድ ይያያዛል፤ ሁለት ክብ ሳህን አለው፣ አንዱ ላይ የሚሰማው ዘፈን፣ ሌላው ላይ የሚቀጥለው፤ መሃል ላይ ያለው ሚክሰር ነው፣ አንዱን እያወረድክ ሌላውን ታወጣለህ። ዋናው ነገር መጋጠሚያው አለመታወቁ ነው።

«ልክ እንደ ልብስ ስፌት በይው። ስፌቱ ከታየ፣ አለ አይደል፣ ሙያ የለህም ማለት ነው።»

እታገኝ «እ» አለች።

መደብሩ ከውጭ ሲያዩት ሱፐርማርኬት ነው የሚመስለው። ውስጡ ጊታሩ እንደ ሥጋ ቤት ብልት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ከበሮው ተደርድሯል፤ ማዶ ጥግ ላይ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ጥሩንባ ይሞክራል፣ ማንም አይሰማውም። የዲጄው ዕቃ ከኋላ ነው፤ መብራቱ ደብዘዝ ብሎ፣ ማጫወቻዎቹ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ሰማያዊና ቀይ እያበሩ ተቀምጠዋል። ማርከስ የሚባል ጺሙ በደንብ የተከረከመ ጥቁር አሜሪካዊ ሻጭ መጣ። ስለሺን በጡጫ ሰላም አለው፣ እታገኝን በአክብሮት «ማም» አላትና ወንበር አቀረበላት። አልቀመጥም አለች። የዚያን ሳምንት መቀመጥ የሚባል ነገር አንገሽግሿታል።

እታገኝ ዕቃ የምትመርጥበት የራሷ ዘዴ አላት፤ ታነሳዋለች። ማብሰያም ይሁን ቴሌቪዥን መጀመሪያ ክብደቱን ነው የምታየው። ትንሹን ማጫወቻ፣ ሁለት መቶ ሃምሳ ዶላር የሚለውን፣ በአንድ እጇ አንስታ በጣቷ አጥንት ቆረቆረችው። ፕላስቲክ ነው። እንደ ባዶ ጣሳ ተንኳኳ። «ይሄ የልጅ መጫወቻ ነው» ብላ አስቀመጠችው። ማርከስ ሳቅ እያለ፣ ድምፁ በክብደት አይለካም አላት። እሷም በዚያ በሥራ ቦታ እንግሊዝኛዋ፣ እኔ ጋ ካሉት የማጠቢያ ማሽኖች ከባዶቹ ናቸው የማይበላሹት አለችው። ማርከስ እሺ ማም አለ፤ ከእናቱ ጋር የለመደው ሳይሆን አይቀርም።

ስለሺ ገና ሲገባ ዓይኑ ያረፈው ትልቁ ላይ ነው። የሠርግ ትሪ ያክላል። አራት ዘፈን በአንዴ የሚይዝ አራት ቻናል፣ ሁለት ስክሪን፣ ከዳር እስከ ዳር ቁልፍ፤ በተነካ ቁጥር አረንጓዴ፣ ወይን ጠጅ፣ ብርቱካን ያበራል። ዋጋው ሁለት ሺህ ሊሞላ ትንሽ ነው የጎደለው። እታገኝ አነሳችው፤ ከበድ አለ፤ ወደደችው። ማርከስ ሁለት የእንግሊዝኛ ዘፈን ጫነና ሲንክ የሚባለውን ቁልፍ አሳያት። እሱ ሲነካ ማሽኑ ራሱ ምቱን ይቆጥርና ሁለቱን ዘፈን አንድ ፍጥነት ላይ ያመጣቸዋል። ነካው። እውነትም አንዱ ወጥቶ ሌላው ሲገባ ውሃ ውስጥ እንደተጨመረ ስኳር ጠፋ። ስለሺ ወደ እህቱ ዞሮ፣ አየሽ አይደል በሚል ዓይን አያት።

«ጥሩ ነው» አለች። «እስቲ የኛን አጫውት።»

«የኛን ምን ያደርግልሻል እዚህ?»

«የማን ሠርግ ላይ ነው የምትጫወትበት? የማርከስ?»

ስለሺ አንገቱን አከከ። ላፕቶፑን ከቦርሳው አወጣ፣ ገመዱን ሰካ፣ በግራው የወሎ ዘፈን ጫነ። ችክችካው መደብሩን ሞላው። ማርከስ ጭንቅላቱን ወደ ጎን አዘንብሎ ጭኑን በጣቱ መምታት ጀመረ። በቀኙ ስለሺ የልጆቹን ዘፈን ጫነ፤ ትንሽ አመነታ፤ ሲንኩን ተጫነው።

ሁለት አህያ ደረጃ ላይ ተጠላልፈው ቢወድቁ ነው እንደዚያ የሚሰማው። ከበሮው ከበሮውን ረገጠው፣ ዘፋኙ ትንፋሽ እንዳጠረው ሰው መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ጥሩንባ የሚሞክረው ሽማግሌ ሳይቀር ዞሮ አያቸው። ስለሺ ዘሎ አጠፋው። ማርከስ በጭኑ ላይ መምታቱን አልተወም። ማሽኑ ምት የሚቆጥረው በአራት በአራት ነው፣ ይሄ ዘፈን ደግሞ በሦስት በሦስት ነው የሚንከባለለው፣ ስለዚህ ቁጥሩ ይሳሳትበታል አላቸው፤ የሚያምር ነገር ነው፣ ግን ሲንክ አይሆነውም አለ። ከዚያ ሌላ ሰው ጠራውና ሄደ።

ስለሺ ስክሪኑን እያየ ቀረ። «ሁልጊዜ እንደዚህ ነው የሚያደርገኝ» አለ፤ ለእሷም ለራሱም የሚያወራ አይመስልም። «አንዴ፣ አንድ ክርስትና ላይ፣ ሰው ሁሉ ሞቆ፣ አቧራ እየተነሳ፣ ልክ እንደዚህ ዘፈኑ እርስ በርሱ ተረጋገጠብኝ። ሰዉ ቆሞ አየኝ። ከዚያ ወዲህ ከችክችካ መውጫው ይጠፋኛል፣ ሲሪየስሊ። ስለዚህ ገና ሳይሞቁ፣ ቶሎ...»

«ቶሎ ታስቀምጣቸዋለህ» አለች እታገኝ።

ስለሺ ቀና አለ። «ይህቺን ቃል ከየት አመጣሻት?»

«ከስፒከሩ።»

መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ እጁ ራሱን ችሎ ወደ አንገቱ ሄደ፣ ማዳመጫው ወደሚንጠለጠልበት፤ ዛሬ የለም። ስለሺ ከጎኑ የነበረ ትልቅ ስፒከር ላይ ቁጭ አለ። እታገኝ በዚህ ሰዓት እንደምትናደድ ነበር ያሰበችው፤ ሳምንቱን ሙሉ ያዘጋጀችው ንግግር ነበራት፣ ስለ ወንበርም ስለ ድስትም ስለ አስተዳደግም፤ ሁሉም ጠፋባት። ፊቱ ልክ በልጅነቱ ብርጭቆ ሰብሮ ሲደበቅ እንደነበረው ሆነ።

«ሁሉም ሰማ?»

«ሁሉም።»

«እትዬ ዘሃራም?»

«ዛሬ አልነሳም ብላኛለች። በልጇ ሠርግ።»

ስለሺ ከተቀመጠበት ብድግ አለ። ጥሩንባው እንደገና ጀመረ። «ለምን አልነገርሽኝም ታዲያ? አንድ ሳምንት ሙሉ እኮ ሳህን ከድነሽ ነው የተቀመጥሽው!»

«መክደኔ ነበራ መንገሬ።»

«እኔ ምን ላውቅ! ምግቡ እንዳይቀዘቅዝ መስሎኝ!»

እታገኝ ሳቋ መጣ፤ ዋጠችው። እሱ ግን ከምሩ ነው፤ ስልኩን አወጣ፣ ደውዬ ሌላ ዲጄ ይፈልጉ ልበላቸው አለ። ሠርጉ ማታ አይደለም እንዴ፣ በዚህ ሰዓት ከየት ይመጣል አለችው። ታዲያ ማይክ ይዤ በሰው ፊት ይቅርታ ልበል አለ። ሞኝ አለችው፣ በገዛ ልጇ ሠርግ የሚኒሶታ አክስቶች ሁሉ፣ ምን ሆና ነው፣ ምን ተብላ ነው እያሉ ዘሃራን እንዲያዩአት ነው? ደግሞ እሷ ራሷ ያልሰማች መስላለች፤ ያልሰማን ሰው ይቅርታ አይሉትም። ስለሺ ስልኩን መልሶ ከተተ። እሷም እንዲህ ይሁን ብላ የምትነግረው ነገር አልነበራትም። አንድ ነገር ብቻ ታውቃለች፤ ማርከስን በእጇ ጠራችው።

«ማይኩ የሚጠፋው የቱ ጋ ነው?»

ማርከስ ትልቁን ማጫወቻ ዞር አደረገና ከፊት ለፊቱ፣ ከታች፣ ምስር የምታክል መዞሪያ አሳያት። መዞሪያ እንጂ ማጥፊያ አይደለችም፤ ድምፁን ዜሮ ታደርጊበታለሽ አላት። መነጽሯን አድርጋ አየቻት። ከመቶ ቁልፍ መሃል ያቺ ትገኛለች? በሞቀ ሠርግ፣ በጨለመ አዳራሽ? «ሌላ አሳየኝ» አለች። ሦስተኛው ጥቁር ነው፤ ስክሪን የለውም፤ ሁለት ሳህን፣ መሃል ላይ ሚክሰር፣ ፍጥነቱን በእጅ የምታስተካክልበት ረዘም ያለ ማንሸራተቻ፤ ሰባት መቶ ዶላር። ከላይ በግራ በኩል ለብቻዋ የተቀመጠች አራት ማዕዘን ቁልፍ አለች። ማርከስ ተጫናት። ቀይ መብራት ቦግ አለ። ማይኩ ተከፍቷል ማለት ነው። ደግሞ ተጫናት። ጠፋ።

እታገኝ ምንም ሳትናገር ቦርሳዋን ብብቷ ሥር አድርጋ ጊታሮቹን አልፋ፣ ከበሮዎቹን አልፋ፣ እስከ መደብሩ መግቢያ ሄደች። ከዚያ ሆና፣

«አብራው!» አለች።

ማርከስ አበራው።

«አጥፋው!»

አጠፋው።

«አሁንስ በርቷል?»

«ጠፍቷል ማም!»

«በደንብ ይታያል! አብራው!»

ገንዘብ ተቀባይዋ ሥራዋን ትታ ታያለች። ሽማግሌው ጥሩንባውን ጭኑ ላይ አሳርፎ እሱም፣ ከዚህም ይታያል ብሎ ጮኸ። ስለሺ በሁለት እጁ ፊቱን ሸፍኗል፤ ትከሻው ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ይሄን ነው የምንገዛው» አለች ስትመለስ።

«እቴቴ፣ ሁለት ቻናል ብቻ እኮ ነው። አራት ያለው...»

«ስንት እጅ አለህ?»

አነሳችው። ከትልቁ በጣም ቀለል አለ። ይሄ ቅር አሰኛት፤ አንዴ በጣቷ ቆረቆረችው፣ አንዴ ማርከስን አየችው፣ ከዚያ እስክሪብቶ ስጡኝ አለች። ቃሏንም አላጠፈችም፤ ነግራው ነው የፈረመችው።

ሲመለሱ ስለሺ ካርቶኑን ጭኑ ላይ አስቀምጦ በመስኮቱ ውጭ ውጭውን ያይ ነበር። «ግን አሁንም መውጫውን አላወቅኩትም» አለ። «ማሽኑ አይደለም ችግሩ። ዘፈኑ መሃል ስሆን በየት በኩል ነው የምወጣው?»

«ለምን ትወጣለህ? ሲያልቅ ያልቅ የለ እንዴ።»

«ካለቀማ ጸጥ ይላል! ዲጄ ጸጥ ካለ አለቀለት።»

«እኛ ሳምንቱን ሙሉ ጸጥ አልን። አለቀልን?»

«ትንሽ ነበር የቀረን» አለ ስለሺ፤ እሷም መሪውን እንደያዘች እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

አዳራሹ ያው የሶፋው አዳራሽ ነው። ፀሐይዋ ገና አልገባችም፤ በመስታወቱ በር ገብታ የመጀመሪያዎቹን ጠረጴዛዎች ወርቅማ አድርጋቸዋለች። ዘሃራ ከፊት ተቀምጣለች፤ አረንጓዴ ሐር ለብሳ፣ እጇ ሂና፣ ጆሮዋ ወርቅ፣ ሁለት ክንዷን ደረቷ ላይ አጣምራ። ለእታገኝ ፈገግ አለችላት፣ ለዳቦው መርቃት ተቀበለቻት፤ ወደ ስለሺ ግን አንገቷ አልዞረም። ሙሽሮቹ ገቡ፣ እልል ተባለ፣ በጉ ተበላ፣ አንድ ሽማግሌ ረጅም ዱዓ አደረጉ። እታገኝ ሳህኗን ይዛ ማጫወቻው ጎን ቆመች። ዓይኗ ከቁልፏ ላይ አይነሳም፤ የመጣ ሰው ሲያናግራት እንኳ ቁልፏን እያየች ነው የምትመልሰው። ቀይ መብራቷ ጠፍታለች።

ስለሺ የወሎውን ዘፈን ጀመረ። መሃሉ ባዶ ነው። እናቶቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ አንዷ ብርጭቆዋን አዟዟረች፤ አንዷ የልጅ ልጇን ጫማ ፈትታ አሰረች። የሚኒሶታ አክስቶች፣ እዚህ አገር እናት ቀድማ አትነሳም እንዴ በሚል ዓይን ዘሃራን አዩአት። ዓሊያ ከመድረኩ ላይ ሆና እናቷን አየች፣ የሙሽራ ፈገግታዋ ትንሽ ጎደል አለ። ዘሃራ የምታየው የጠረጴዛውን ልብስ ነው። እታገኝ ሳህኗን መሬት ላይ አስቀመጠችው።

ስለሺ ዘፈኑን አስቆመው። ማዳመጫውን ከራሱ ላይ አንስቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ቁልፏን ተጫነ፤ ቀይ በራ። ማይኩ ጠቅ ሲል እናቶቹ በሙሉ፣ አንድ ሰው እንደጠራቸው፣ ቀና አሉ።

«እትዬ ዘሃራ» አለ። «ዛሬ... አይቀመጡብኝ። ዘፈኑን አልቆርጠውም። እስኪያልቅ ድረስ የእርስዎ ነው።»

ማይኩን አጠፋው። ቀይዋ ጠፋች። ዘፈኑን ከመጀመሪያው መለሰው።

ዘሃራ አልተነሳችም። መሲንቆው ብቻውን ሄደ፤ ዘፋኟ ገባች፤ ከበሮው ተከተለ። የሰው ሁሉ ዓይን እሷ ላይ ነው፣ እሷ ግን ክንዷን እንዳጣመረች ናት። እታገኝ ግን ከቆመችበት ሆና የጠረጴዛውን ልብስ ጫፍ ታያለች፤ ጫፉ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። የዘሃራ እግር ከባለቤቱ ቀድሞ ተነስቷል። ከዚያ ክንዷ ተፈታ፤ ከዚያ ወንበሩ ወደ ኋላ ተንሸራተተ። ስለሺን ሳታየው፣ ማንንም ሳታይ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ወደ መሃሉ ገባች፤ አንገቷን እሁድ ዕለት ካቆመችበት ቦታ ላይ ጀመረችው። እናቶቹ ወንበሩን እያንኳኩ ተነሡ። ዓሊያ ቬሏን ሰብስባ ከመድረኩ ወረደች። ልጆቹ ዳር ሆነው እያጨበጨቡ፣ ያን የሚያክል ዘፈን፣ ከነመግቢያው ከነመሸጋገሪያው፣ እስከ መጨረሻዋ ምት ሄደ። መጨረሻው ሲቀርብ የስለሺ እጅ ወደ ማንሸራተቻው ሮጠ፤ መሃል መንገድ ላይ ቆመ፤ ተመልሶ ኪሱ ገባ።

ዘፈኑ አለቀ። አዳራሹ ጸጥ አለ።

ስለሺ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ከመሃሉ የዘሃራ እልልታ ወጣ፣ ጣሪያውን ነክቶ ተመለሰ፤ ሌሎቹ ተቀበሏት፤ ከእልልታው ጭብጨባ፣ ከጭብጨባው ደግሞ የራሱ ምት መጣ። ስለሺ ሮጦ ማይኩን አበራና ክንዱን ዘርግቶ ወደ እናቶቹ አዞረው፤ እልልታቸው በአራቱም ስፒከር ወረደ። ቀጣዩን ዘፈን በጭብጨባቸው ላይ አስገባው። ስፌቱ ይታወቅ እንደሆነ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

እታገኝ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ስለነበር ቀይዋን መብራት አላየቻትም። ወደ ወንድሟ ጠጋ አለችና፣ ማይኩ በእጁ እንዳለ፣ ጆሮው ሥር፣

«ጎሽ የኔ ልጅ» አለችው። «ዘሃራ ግን ወገቧ ከብዷል። ድሮ እንደ ገመድ ነበረች፣ አሁን የጤፍ ጆንያ መስላለች።»

ወገብ፣ ገመድ፣ ጆንያ፣ ሁሉም ከአራቱ ማዕዘን አንድ በአንድ ወረደ። ጭብጨባው ተቋረጠ። የሚኒሶታ አክስቶች ብርጭቋቸውን አፋቸው ጋ እንደያዙ ቀሩ። ዘሃራ መሃሉ ላይ ቆማ ቀስ ብላ ዞረች። ስለሺ አንድ ጣቱን ብቻ ዘርግቶ ለእታገኝ ቀይዋን መብራት አሳያት።

«ሰማሁሽ እኮ!» አለች ዘሃራ ከማዶ፤ ያለ ማይክ፣ ከማይኩ በላይ። ሁለት እጇን ወገቧ ላይ ጭና፣ ሰዉን እየከፈለች፣ ቀጥ ብላ መጣችና የእታገኝን ክንድ ጨምድዳ ያዘች። «ነይ! ነይ ውጪ! ያንቺን ገመድ ደግሞ እናየዋለን!»

«አጥፋው እንጂ አንተ፣ ምን አፍህን ከፍተህ ታየኛለህ!» አለች እታገኝ እየተጎተተች።

እሱም በአራቱም ስፒከር ተሰማ።